ያነጣሁት ዓይን

ባለፈው ሚያዝያ ሁለቱን ካሜራዎቼንና አራቱን ሌንሶቼን ጠቅልዬ ፎቶግራፍ ለሚያስተምር አንድ ኮሌጅ ሰጠሁ። አትላንታ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ፎቶ አንሥቻለሁ። ለምን እንዳቆምኩ ለጠየቀኝ ሁሉ ጉልበቴን አመመኝ እላለሁ። ጉልበቴን ማመሙ እውነት ነው፤ ግን ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦም ያነሣል። እኔ ያቆምኩት ደንግጬ ነው። ሰው ሲደነግጥ ውሃ ይረጩበታል፣ ትንሽ አረፍ ይላል፣ ይለቀዋል። እኔን ግን እነሆ ዘጠኝ ወር ሆነኝ፣ አልለቀቀኝም። ሱቅ ገብቼ ቲማቲም ስመርጥ፣ ቀይ መብራት ላይ ስቆም፣ ድንገት ይመጣብኛል።

የሆነውን ለመናገር ግን ሥራውን ከሥሩ መጀመር አለብኝ።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሰው ፎቶ ቤት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ካሜራ አላስነኩኝም። ሥራዬ ሪቱሽ ነበር፤ ኔጋቲቩን ከመስኮት ብርሃን ፊት አስደግፌ፣ በብርጭቆ ወረቀት እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ የፊቱን መስመር እየነካኩ መሙላት። እርሳሱ ያረፈበት ቦታ ሲታተም ይነጣል፣ ሽብሽባቱ ይጠፋል። ብዙ ከነኩት ፊቱ እንቁላል ይመስላል፤ ትንሽ ከነኩት ደንበኛው ይቆጣል። ጋሽ ደምሴ ደንበኛ መስታወት እቤቱ አለው፣ እኛ ዘንድ የሚመጣው ሌላ ነገር ፈልጎ ነው ይሉኝ ነበር። እጄ ቀልጣፋ ነበር። አመንኳቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሳጸዳ ኖርኩ።

ከዚያ በሱዳን በኩል ወጣሁ። ካርቱም ሁለት ዓመት የጉርድ ፎቶ እያተምኩ ቆይቼ አትላንታ ገባሁ፤ ስኮትዴል በሚባል ሰፈር አንዲት መኝታ ቤት ለሦስት ተከራየን። መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጠብኩ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ያለች የፎቶ ክፍል ተቀጠርኩ። የደመወዙ ነገር ይቅር፣ ኪራይ ከፈለ።

እዚያ የነበረው አለቃችን ሰዓት ይይዝብን ነበር። ለአንድ ልጅ አራት ደቂቃ። ከኋላ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከቀኝና ከግራ ሁለት መብራት፣ መብራቶቹ ደግሞ እንዳይንቀሳቀሱ እግራቸው ወለሉ ላይ በፕላስተር ተጣብቋል። የተስተካከሉት ለነጭ ልጅ ነው። የእኛ ልጆችና የጥቁር አሜሪካኖች ልጆች ሲቀመጡ ግንባራቸው ያብረቀርቃል፣ ዓይናቸው ጉድጓድ ይገባል። ይህን ስነግረው መብራቱ ስታንዳርድ ነው አለኝ።

አንድ ቀን አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሴት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ፎቶው ሲወጣ በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩትና ማን ነው ያነሣው አሉ። ሊቆጡ ነው ብዬ እጄን አወጣሁ። ልጅቱን ያስቀመጥሽበት ጥሩ ነው፣ እጇንም በደንብ አሳርፈሻል፣ መብራትሽ ግን የሌላ ሰው ነው አሉኝ። ቅዳሜ ማታ ፀሐይ ስትወርድ የት እንደሚሠሩ አድራሻ ጽፈው ሰጡኝ።

ሚስ ቨርና እኚህ ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት አብሬአቸው ሠራሁ።

ሚስ ቨርና ቤት ውስጥ አያነሡም። የሚያነሡት የቤተ ክርስቲያን ቤተሰቦችን ነው፣ ሁልጊዜ ደጅ፣ ሁልጊዜ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት። ልጆቹ አሁን ጎልደን አወር የሚሉት ነው። የጆርጂያ በጋ እርጥበቱ ያስለቅሳል፣ ለፎቶ ግን ያ እርጥበት ጸጋ ነው፤ የምትወርደውን ፀሐይ እንደ ስስ መጋረጃ ያጣራታል። ሌላው ሰው ደንበኛውን ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ያቆመዋል፤ ሰውየው ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፍንጫው ጉንጩ ላይ ጥቁር ጥላ ይጥላል። እሳቸው ጀርባውን ለፀሐይ ያሰጡታል። ፊቱን የሚያበራው ፊት ለፊት ያለው ነገር ነው፤ የነጣ ግድግዳ፣ የሲሚንቶ መሬት። እንዲህ ሲሆን በፊቱ ብሩህ ጎንና በጨለማው ጎን መካከል ልዩነቱ ትንሽ ይሆናል። ጥላ አለ፣ ጠርዝ ግን የለውም። ለጠይም ፊት ከዚህ የተሻለ ብርሃን እስከዛሬ አላየሁም።

ካሜራቸውን መኪና ውስጥ ትተው ነው የሚወርዱት። ሰዓት ተኩል ቀድመው ይመጣሉ። ከዚያ ጡጫቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ባሉበት ቀስ ብለው ይዞራሉ። መጀመሪያ ሳይ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ለካስ በጣቶቻቸው አንጓ መካከል ያለውን ጥላ ነው የሚያዩት፤ ጥላው የሚለሰልስበት አቅጣጫ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይሉና እግራቸው ያለበትን ቦታ በኖራ ጠጠር ያሰምሩበታል። ፈገግ በሉ ብለው አያውቁም። ምሳ ምን በላችሁ ብለው ይጠይቃሉ፤ ሰው ስለበላው ሲያወራ ፊቱ ይፈታል። የብርሃኑን መጠን የሚለኩት ከፊት ላይ ብቻ ነው። ሰማዩ ነጭ ሆኖ ቢቀር አይገዳቸውም። ሰማይ ፎቶውን ግድግዳ ላይ የምትሰቅልለት እናት የለውም ይሉ ነበር።

አንዱ ልማዳቸው ግን ከሁሉ ይከብድ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ አንዲት አሮጊት አነሣን። ከቅንድባቸው እስከ ጉንጫቸው የወረደ ጠባሳ ነበራቸው። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ማስተካከል ገና ጀምረን ነበር። እኔ በጋሽ ደምሴ እጅ ያደግሁ፣ ጠባሳውን በሃያ ሰከንድ አጠፋሁት። በራሴም ኮራሁ። ሚስ ቨርና ፎቶውን አዩትና መኪና ውስጥ አስገቡኝ። ሴትዮዋ ቤት ሄደን ፎቶውን ሰጠናቸው። ሴትዮዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩት፣ ከመነጽራቸው በታች አዩት። ከዚያ ግራ ገብቷቸው የሉዊዝን ፎቶ ከየት አመጣችሁት አሉ። ሉዊዝ የሞተች መንትያ እህታቸው ናት። ጠባሳ ያልነበራት እሷ ነበረች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መኪና ውስጥ ስንመለስ ሚስ ቨርና ቁጣ የለም፣ ድምፅ ከፍ ማድረግ የለም፣ መንገዱን እያዩ ይህን ብቻ አሉኝ።

«ብርሃን ያመጣውን ራስሽ አጥፊው። ፊቱ ያመጣውን ግን ባለቤቱን ጠይቂ።»

ከዚያ ወዲያ ብጉር እንኳ ብትሆን ስልክ ሳልደውል አልነካም ነበር። ሚስ ቨርና ሥራ አቁመው፣ በኋላም አርፈው፣ እኔ ለብቻዬ የሐበሻውን ምርቃት፣ ቀለበትና ክርስትና ማንሣት ከጀመርኩ በኋላ እንኳ ብዙ ዓመት ጠበቅሁት። ያላላሁት በቅርብ ነው። በአንድ ቀን የማነሣው ፎቶ አምስት ስድስት መቶ ሆነ። ሰዉም ተለወጠ፤ በስልኩ ፊቱን ማለስለስ የለመደ ደንበኛ የራሱን ቆዳ ሲያይ አልተስተካከለም ይለኛል። መደወሉ ቀረ። እጄ ወደ ድሮው፣ ወደ እርሳሱ ተመለሰ።

የአቶ ዘውዱ ቤተሰብ የመጡብኝ በዚህ ጊዜ ነው። ስማቸውንና ሥራቸውን ለውጬ እንድጽፈው የፈቀደችልኝ ልጃቸው ናት።

አቶ ዘውዱ ከአየር ማረፊያ ሰው የሚያመላልስ መኪና ይነዳሉ፤ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ ዝምተኛ፣ ጥቁር መነጽር ከዓይናቸው የማይለይ። ባለቤታቸው አልማዝ እንደ ታናሽ እህቴ ናት፣ አትላንታ ዳር ታከር ያለ መጋዘን ውስጥ ከንጋት ጀምራ ዕቃ ትለያለች። እሷ ስትገባ እሳቸው ይወጣሉ፣ እሳቸው ሲገቡ እሷ ተኝታለች። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሰላም። በነርስነት ልትመረቅ ነበር፣ ዴንቨር ሥራም ይዛለች። ከምርቃቱ ማግሥት ትበራለች።

አልማዝ ደውላ ቅዳሜ ጠዋት መናፈሻ ውስጥ እንዳነሣቸው ተነጋገርን። በሦስተኛው ቀን አቶ ዘውዱ ራሳቸው ደወሉ። ደውለውልኝ አያውቁም። ወይዘሮ ገነት፣ ያ ወርቅ የመሰለው የማታው ፎቶዎ ነው የሚያምር፣ ጠዋቱ ይቅርና ፀሐይ ስትጠልቅ ይሁንልን አሉኝ። ደስ አለኝ። ብርሃን የሚያውቅ ደንበኛ አገኘሁ ብዬ ለራሴ ተደነቅሁ።

የምወደው ቦታ ወሰድኳቸው፤ ታከር ውስጥ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ያለ የመኪና ማቆሚያ ነው። ሰው ይስቃል፣ ግን የመጋዘኑ ግድግዳ ክሬም ቀለም ሆኖ ምዕራብን ያያል። ቅዳሜ ማታ መኪና አይቆምበትም። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ግድግዳው በሙሉ ይሞቅና ያንን ሙቀት ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ላይ ይመልሰዋል።

ጡጫዬን ዘርግቼ ዞርኩ፣ ቦታውን አሰመርኩ፣ ሦስቱን ጀርባቸውን ለፀሐይ አሰጥቼ አቆምኳቸው። ሰላም ጋውኗን ለብሳ መሀል፣ አልማዝ ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አቶ ዘውዱ በጥቁር ሱፍ። ሱፉ ሰፍቷቸዋል፤ ትከሻው ወርዶ ደረታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ይህ ለእኔ ቀላል ነው። ከቦርሳዬ ሁለት የልብስ መቆንጠጫ አውጥቼ ኮታቸውን ከጀርባ ሰብስቤ ያዝኩት፣ ከፊት ልክ ሆነ። ክንዳቸውን ያክካሉ። ቢምቢ ነው ብዬ የቢምቢ ቅባት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን የሚያወልቁት ካሜራዬን ሳነሣ ብቻ ነው፣ ሳወርድ መልሰው ያደርጋሉ። ሹፌር ናቸውና ልማድ መሰለኝ።

ምሳ ምን በላችሁ አልኩ። ሰላም እና አልማዝ እየተቀባበሉ ዘረዘሩ። አቶ ዘውዱ አሁን አሁን ምግብ እምብዛም ነኝ አሉ። ልጃቸው ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ትከሻዋን ጭምቅ አድርገው አቀፏትና ዛሬ በደስታ ጠገብኩ አሏት። በዚያች ሰከንድ ነው ዋናውን ፎቶ ያነሣሁት። ካነሣኋቸው ሁሉ ምርጡ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ማክሰኞ ጠዋት ኤዲት ለማድረግ ተቀመጥኩ። የማታ ፎቶ ሲከፈት ሁሉም ነገር ቢጫ ነው። አንድ ነጭ መሆኑን የምታውቀው ነገር ትመርጣለህ፣ ያ ነጭ እስኪሆን ድረስ ቢጫውን ትቀንሳለህ፣ ሌላው አብሮ ይስተካከላል። የአልማዝን ነጠላ መረጥኩ። ነጠላው ነጣ። የአልማዝ ዓይን ነጣ፣ የሰላም ዓይን ነጣ። የአቶ ዘውዱ ዓይን ግን ቢጫ ሆኖ ቀረ።

እጄን ከማውዙ ላይ አነሣሁ። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። እጄን አንሥቼ አየሁት። ግድግዳው ነው አልኩ። ግድግዳው ከሆነ የሌሎቹንስ ለምን ቢጫ አላደረገም አልኩ። የእኛ ሰው ዓይን ከዕድሜ ጋር ይደፈርሳል፣ መንገድ ላይ የሚውል ሹፌር ነው፣ እንቅልፍም የለውም አልኩ። ስልኬ አጠገቤ ነበር። ለመደወል ደግሞ አፈርኩ፤ አንድን ጨዋ ሰው ዓይንዎ ምን ሆኖ ነው ቢጫ የሆነው ተብሎ እንዴት ይጠየቃል? በዚያ ሳምንት ዘጠኝ ምርቃት ይጠብቀኝ ነበር።

የኮምፒውተሩን ብሩሽ አንሥቼ አነጣሁት። አሥራ ሁለት ፎቶ፣ ሃያ አራት ዓይን። ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ፎቶው ሲደርሳቸው አልማዝ ደውላ መረቀችኝ። ትልቁን አሳትመው ሳሎናቸው ሰቀሉት። ሰላም ትንሹን ይዛ ዴንቨር ሄደች። እኔም ረሳሁት።

መስቀል ካለፈ በኋላ በነበረው ሳምንት ሰላም ደወለችልኝ። አትላንታ ነኝ አለች። አባቷ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ቆሽታቸው ላይ ዕጢ ተገኝቷል፣ ዕጢው የሐሞቱን መውረጃ ዘግቶ የወፍ በሽታ እንደያዘው ሰው መላ ሰውነታቸው ቢጫ ሆኗል። እግዚአብሔር ይማራቸው አልኩ። ከዚያ የደወለችበትን ነገረችኝ።

«እትዬ ገነት፣ ዶክተሩ ቢጫው መቼ ጀመረ እያለ ነው። እማዬ ከፍልሰታ በኋላ ነው ትላለች። ላይክ፣ ሜይ ላይ እንዳልነበረ እኔ ሹር ነኝ፣ ያንቺ ፎቶ ዴስኬ ላይ ነው፣ በየቀኑ አየዋለሁ። ግን ሌላ ፎቶ ካለሽ ላኪልኝ፣ ቼክ ላድርግ።»

እሺ አልኳት። ስልኩን ዘጋሁ።

ያልተነካውን ፎቶ ከፈትኩ። ያ ቢጫ እዚያው ነበር፤ የትም አልሄደም፣ አራት ወር ሙሉ ኮምፒውተሬ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠብቆኛል። የሚቀጥለውን ከፈትኩ። የሚቀጥለውን። ሰላም ላይ ሳተኩር ዳር ላይ የገቡበት አንድ ፎቶ አለ፤ ክንዳቸውን እያከኩ ነው። ከጎን ያነሣሁት ሌላ አለ፤ ጀርባቸው ላይ መቆንጠጫዎቼ ይታያሉ፣ በመቆንጠጫው የተያዘው ጨርቅ አንድ ጭብጥ ሙሉ ነው። ሰውየው ከስተው ነበር። አልበላም ብለውኛል። ያሳክካቸው ነበር። ዓይናቸው ቢጫ ነበር። ሰውነታቸው አራት ጊዜ ተናገረኝ፣ እኔ አንዱን በመቆንጠጫ፣ አንዱን በቅባት፣ አንዱን በጨዋታ፣ የመጨረሻውን በብሩሽ ዝም አሰኘሁት። አሁን ደግሞ የእኔ ፎቶ ሆስፒታል ገብቶ፣ ሐኪም ፊት፣ ሜይ ላይ ጤነኛ ነበሩ ብሎ ይመሰክራል።

መጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣውን ልደብቅ አልፈልግም። ላጥፋው ነው ያልኩት። ሌላ ፎቶ የለኝም ብል ማን ያውቃል? ጣቴ እዚያው ላይ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከዚያ ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ በክንዴ ስር አድርጌ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። መንገዱን አላስታውስም። የት ፓርክ እንዳደረግኩም ስመለስ ጠፍቶኝ ነበር።

ሰላም ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ኮምፒውተሩን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጬ አሳየኋት። ስታየው ፊቷ የልጅ ፊት መሆኑ ቀረ፣ የነርስ ሆነ፤ ጎንበስ አለች፣ ዓይናቸውን አጎላች፣ ወደ ሌላው አለፈች።

«ይሄ ኤዲት ያልተደረገው ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ያለው?»

«እኔ ነኝ ያነጣሁት፣ ልጄ።»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን አቅፎኝ ነበር አለች፤ ነርስ ሆኜ፣ ጋውን ለብሼ፣ ከአጠገቡ ቆሜ። ተነሥታ ኮምፒውተሩን ለሐኪሙ ይዛ ገባች። ሐኪሙ ያለውን በኋላ ነገረችኝ፤ ለዚህ በሽታ አራት ወር ረጅም ነው፣ በጊዜ ቢመጡ ይድኑ ነበር ወይ ለሚለው ግን ማንም ማረጋገጫ አይሰጥም ብሏል።

አቶ ዘውዱ መምጣቴን ሰምተው አስጠሩኝ። ነጭ ትራስ ላይ ተደግፈዋል። ያን ቀን መነጽር አልነበራቸውም። አልማዝ ሥራ ላይ ነበረች። ሰላም እግራቸው ሥር ቆመች። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ወይዘሮ ገነት፣ እኔ አውቀው ነበር» አሉ። «ከፋሲካ በፊት ነው መስታወት ላይ ያየሁት። ለሰላም ብነግራት ፈተናዋን ጥላ ትመጣለች። ስለዚህ ትመረቅ አልኩ። ጠዋቱን ወደ ማታ ያስቀየርኩዎትም ለዚህ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ቢጫ ነው።»

የአልጋውን ብረት ያዝኩ። ብርሃን ያውቃሉ ብዬ የተደነቅሁባቸው ሰው በእውነትም ያውቁ ኖሯል።

እሳቸው አልጨረሱም። ከምርቃቱ በኋላ ሊታከሙ ለሰኔ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ከዚያ ፎቶው መጣ።

«ዓይኔን አየሁት፣ ነጭ ነው» አሉኝ። «ካሜራ አይዋሽም አልኩ። ለካስ የመታጠቢያ ቤቱ አምፖል ነው እንዲህ የሚያሳየኝ አልኩ። አምፖሉን ቀየርኩትና ቀጠሮውን ካንስል አደረግኩት።»

ሰላም ከክፍሉ ወጣች። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። አቶ ዘውዱ ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ የነገሩኝ ሊወቅሱኝ እንዳልሆነ፣ የደበቁት ራሳቸው እንደሆኑ፣ ለልጃቸውም ከሌላ ከምትሰማው ከአፋቸው እንድትሰማው ፈልገው እንደሆነ ተናገሩ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። አልማዝ ፎቶውን በጣም ትወደዋለች፣ እሷ ባታውቅ ይሻላል አሉ። እሺ አልኩ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሄጄ ጠየቅኋቸው። መውረጃው በቀጭን ቱቦ ተከፈተና ቢጫው ለቀቃቸው፤ ለትንሽ ጊዜ ዓይናቸው እውነተኛ ነጭ ሆነ። ያን ሳይ ተስፋ አደረግኩ። ዕጢው ግን ወደ ጉበት ተሻግሮ ነበር፣ ሊያወጡት አልቻሉም። ስለ ፎቶው አንድም ቀን መልሰው አላነሡብኝም። ስለ መንገድ፣ ስለ ተሳፋሪዎቻቸው ያጫውቱኝ ነበር። ሰላም የዴንቨሩን ሥራ ትታ መጥታ አስታመመቻቸው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው አረፉ።

በዚያው ሰሞን ሁለት ምርቃትና አንድ ቀለበት ተይዞብኝ ነበር። ቀለበቱን ሞከርኩ። ሙሽሪት ፊቷን ወደ እኔ አቀናች፣ ብርሃኑ እንደሚወደደው ነበር፣ እኔ ግን የማየው ዓይኗን ብቻ ሆነ። ደህና ነሽ፣ ያምሻል እንዴ ብዬ ጠየቅኋት። ልጅቱ ደንግጣ እናቷን አየች። ሥራውን ጨርሼ የቀሩትን ለሌላ አንሺ አስተላለፍኩ።

የአርባቸው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቤታቸው ሄድኩ። ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። ፎቶው ከሶፋው በላይ እንደተሰቀለ ነው፣ ጥቁር ጨርቅ ጥግ ላይ ተደርጎበታል። ጀርባዬን ሰጥቼው ልቀመጥ ቦታ ስፈልግ አልማዝ አየችኝ። ተነሥታ እጄን ያዘችና በሰዉ መሀል አሳልፋ ፎቶው ሥር አቆመችኝ። ለተሰበሰቡት ሴቶች ይቺ ናት ያነሣችው አለቻቸው። እጄን አልለቀቀችም።

«ያን ቀን እንኳ ጤነኛ ነበር» አለች። «ዓይኑን እዩት እስቲ፣ ወተት ነው የሚመስል። ገነትዬ፣ እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው።»

ሴቶቹ አሜን አሉ። ሰላም የምግብ ትሪ ይዛ ከማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። አላቀረቀረችም፣ እኔን ነበር የምታየው። አልማዝ እጄን እንደያዘች መልሴን ትጠብቃለች።

እኔም አሜን አልኩ።